ካርታውን ያላነሳው ሰው

ወልደሩፋኤልን ያገኙት ጨው ሊወስዱ የተሰለፉ ሴቶች ናቸው። ኅዳር 1972፣ እሑድ ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ነቀምቴ፣ የቀበሌያችን የኅብረት ሱቅ። በሩ ገርበብ ብሎ ሲያዩ ከሰልፉ ፊት የቆሙት አዴ ዓባይነሽ ገፋ አድርገው ገቡ። ወዲያው ተመልሰው ወጡና መቀነታቸውን እያጠበቁ፣ «በሉ ወደየቤታችሁ። ጨውም የለ፣ ባለጨውም የለ» አሉ።

ለፖሊስ ጣቢያ የነገረ ሰው አልነበረም። እኔ የሰማሁት ከገበያ ነው። ሦስት ሰዓት ላይ ስደርስ የሱቁ ሠራተኛ ወልደሩፋኤል ከሚዛኑ ጠረጴዛ ሥር በግንባሩ ተደፍቶ ነበር። ማጅራቱ ላይ ከባድ ነገር አርፎበታል። ደሙ ደርቋል፣ ሰውነቱም ተገትሯል። ቅዳሜ ከሰዓት ወይም አመሻሽ ላይ የሞተ ነው።

የቀበሌው የአብዮት ጥበቃ ኃላፊ ዋጋሪ ምንሽሩን ተደግፎ በሩ ላይ ቆሟል።

«መቶ አለቃ ዋቅወያ፣ አትድከም» አለኝ። «ገዳዩ እኛ ዘንድ ነው። ራሱ መጥቶ እጁን ሰጠ። ቃሉን ጽፈን አሻራውን አስደርገናል።»

«ሬሳው ከተገኘ ሁለት ሰዓቱ ነው እኮ።»

«አብዮት ይፈጥናል።»

«ማነው ሰውየው?»

«ባቻ ጎሚስታው።»

ባቻን ማንም ያውቀዋል፣ የመኪና ጎማ የማይጠግንለት ሾፌር በወለጋ የለም። እኔ ግን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። የማውቅበት መንገድ ደግሞ አፍ ሞልቶ የሚነገር አልነበረም።

ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከገብረመስቀል ሻይ ቤት ጓዳ ተቀምጠን ፖከር እንጫወት ነበር። ገብረመስቀል ከጉራጌ አገር መጥቶ እዚህ የከረመ ነጋዴ ነው። እሱ፣ እኔና ባቻ። የምናሲዘው የጉቶ ጊዳ የበቆሎ ፍሬ ስለሆነ ማንም ከስሮ ቤቱ የገባ የለም። ቢሆንም ቁማር ቁማር ነው፣ ክልክል ነው። በዚያ ላይ ሰዓቱ የቀበሌው የውይይት ክበብ ሰዓት ነው። ነዋሪ ሁሉ ተቀምጦ ስለ ንቃት የሚማርበት ሰዓት ማለት ነው። ሕግ አስከባሪ ሆኜ ሁለት ሕግ በአንድ ወንበር ላይ እጥስ ነበር። ያን ጓዳ እወደው ስለነበር አላፈርኩበትም፣ አሁንም አላፍርበትም።

ለማያውቅ ሰው ጨዋታው ይኸው ነው። አምስት ካርታ ይታደልሃል፣ ያልፈለግከውን ትቀይራለህ፣ በያዝከው ከተማመንክ በቆሎ ትጨምራለህ፣ ካልተማመንክ ካርታህን ጥለህ ትወጣለህ። ሰው ሁሉ ካርታውን አይቶ ነው የሚጨምረው። ባቻ ግን አብዛኛውን ጊዜ አያነሳቸውም። ጠረጴዛው ላይ እንደተደፉ ትቷቸው፣ እየጮኸና እየቀለደ፣ እፍኝ በቆሎ ይገፋል። አንዳንዴ ባዶ ይወጣል፣ አንዳንዴ ሦስት አስ፣ ትልልቁን ካርታ። ገብረመስቀል፣ «ዕብድ አይነበብም» ብሎ ካርታውን ይጥልለታል።

የሁሉም ስህተት እዚህ ላይ ነው። ሰውየው አይገመትም ተብሎ ማሰብ አይተውም። አንዲት ካርታ ለመገመት አትድከም። ሊይዝ የሚችለውን ሁሉ በልብህ ደርድር፤ ከዚያ ባደረገው ነገር የማይስማማውን አንድ በአንድ ሰርዝ። ባቻን እንዲህ እያደረግኩ አንድ ዓመት ተመለከትኩትና አንድ ነገር ገባኝ። ካላየ ይጮኻል። ካየ ዝም ይላል።

በዚያች ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ነበር የመጣው። እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ካርታውን ሁሉ እያነሳ አየ፣ ሁሉንም ጣለ፣ ቃል አልተነፈሰም። በሁለት ዓመት ውስጥ ካርታ ሲጥል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

*

የቀበሌው እስር ቤት ስገባ ባቻ ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር። ዓይኑ አብጧል።

«አካም ቡልቴ፣ ኦቦ ዋቅወያ» ሲል በኦሮምኛ እንዴት አደርክ አለኝ፣ ጮክ ብሎ። «ለቅሶ ነው የመጣኸው?»

«ወልደሩፋኤልን በምን መታኸው?»

«በመጥረቢያ!»

ወረቀቱን አወጣሁ። በዋጋሪ እጅ የተጻፈ ነው። «ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሁለት ኪሎው የሚዛን ድንጋይ ማጅራቱን መትቼ ገድዬዋለሁ» ይላል። ከሥሩ የባቻ አውራ ጣት ሐምራዊ ሆኖ ታትሟል።

«እዚህ ላይ መጥረቢያ የሚል የለም።»

«እንግዲያው በዱላ ነው። በጎማ ብረት። አንተ ምን ይቸግርሃል? ሞቷል አይደል?»

«የቱ ላይ መታኸው?»

«ግንባሩን! ብትንትኑን ነው ያወጣሁት!»

«ይቺን ወረቀት አንብበሃታል?»

ሳቀ። «አሻራ ነው ያሉኝ። ለአሻራ ማንበብ ምን ያደርጋል?»

ካርታውን አላነሳም ነበር። ሞቱን ራሱ እንደለመደው በጭፍን ገብቶበታል። የገደለ ሰው ግን በምን እንደገደለ ያውቃል። ስለዚህ «ባቻ ገድሏል» የሚለውን ሰረዝኩት። ዕብደት ነው እንዳልል፣ ዕብድ ሰው ቅዳሜን ሙሉ ካርታ ሲጥል አይውልም። የቀረው፣ ሌላ ሰው እየሸፈነ መሆኑ ነው። ባቻ ደግሞ በዚህ ዓለም ላይ ያለችው አንዲት እህቱ ናት፣ አምና ዲጋ ከተማ የተዳረችው።

«ቀለሟ መታሰርህን ሰምታለች?» አልኩት።

ዝም አለ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

*

አለቃዬ ሻምበል ዓምደሚካኤል ደግ ሰው ነው፣ ግን ፈሪ ነው። በዚያ ዘመን ደግነትና ፍርሃት አንድ ወንበር ላይ ይቀመጡ ነበር።

«ፋይሉን ዝጋው» አለኝ። «በመጪው ቅዳሜ ውይይት ክበቡ ላይ ሕዝብ ፊት ይቀርባል። ሕዝቡ እጁን ያወጣል፣ ከዚያ ለአብዮት ጥበቃ ይሰጣል።»

ለዋጋሪ ተሰጥቶ ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰው አላውቅም። ሻምበሉም አያውቅም።

«እስከ ቅዳሜ የእኔ ነው» አልኩት።

«አምስት ቀን ምን ይሠራልሃል?»

«አላውቅም። ግን የእኔ ነው።»

ሰኞ ሱቁን እንደገና ፈተሽኩ። የሚዛን ድንጋዮቹ የሚቀመጡባት የእንጨት ሣጥን ከመደርደሪያው በላይ ተዘግታ ነበር። ከፈትኳት። አምስት ኪሎው አለ፣ አንድ ኪሎው አለ፣ ግማሹም አለ። የሁለት ኪሎው ጎድጓዳ ባዶ ነው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ያን ሣጥን የከፈተ ፖሊስ አልነበረም። ባቻ መጥረቢያ ይላል፤ ወረቀቱ ግን እሑድ ጠዋት ሁለት ኪሎውን ያውቅ ነበር። ይህን በልቤ ያዝኩ። ቢሆንም ዋጋሪ፣ «ባቻ ነው የነገረኝ» ቢል ምን እመልሳለሁ?

ከዚያ ሰፈሩን ማዳረስ ያዝኩ። የሱቁን ዘበኛ ሞረዳን ጠየቅኩት።

«ቅዳሜ ከሰዓት የት ነበርክ?»

«ውይይት ላይ።»

«ማን መጣ፣ ማን ቀረ?»

«እኔ የስም መጥሪያው መዝገብ ላይ አለሁ፣ መቶ አለቃ» አለና መጥረጊያውን አነሳ።

ከሱቁ ፊት ለፊት ያለውን ልብስ ሰፊ ጠየቅኩት። መዝገቡ ላይ አለ። ጎረቤቱንም ጠየቅኩ፣ እሷም መዝገቡ ላይ አለች። በመጨረሻ አዴ ዓባይነሽ ዘንድ ሄድኩ። ግቢያቸው ውስጥ በቆሎ ይፈለፍላሉ።

«ቀለሟ የምትባለውን ልጅ ቅዳሜ አይተዋታል?»

«የባቻን እህት? አዎ ምስኪን። የራሽን ካርዷ ገና ከኛ ቀበሌ ስላልተዛወረ ስኳር ልትወስድ መጥታ፣ እያለቀሰች በዚህ በር...» ብለው በድንገት አቆሙ። «አላየኋትም። እኔ ውይይት ላይ ነበርኩ።»

«መዝገቡ ላይ አሉ?»

«ኤዬ። እዚያስ አለሁ» አሉ፣ አንገታቸውን አቀርቅረው።

እያለቀሰች ከሱቁ ወጣች ማለት ነው። እውነቱን ልናገር፣ ያን ጊዜ እኔም ቀለሟ ናት አልኩ። ዲጋ የሄድኩት ነፍሰ ገዳይ ልይዝ ነበር። ረቡዕ ጠዋት በጭነት መኪና ጋቢና ተቀምጬ ስሄድ፣ ወንድሟን ለማዳን እሷን ማሰር ነው እንግዲህ እያልኩ ነበር።

*

ቀለሟ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ገና ስታየኝ ተነሳችና፣ «ገደላችሁት?» አለችኝ።

«አልሞተም። ተቀመጪ።»

«እሱ አልገደለም» አለች፣ ከዚያ ደግሞ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ቢገድልም ለኔ ብሎ ነው» አለች።

ያን ጊዜ ገባኝ። እሱ እሷ ናት ብሎ ያምናል፣ እሷ እሱ ነው ብላ ታምናለች። ሁለቱም ዝም ያሉት ስለ ሌላው ነው።

«ቅዳሜን ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አልኳት።

«ጠዋት ለባቻ፣ ዛሬ ስኳሩን ካልሰጠኝ ይኼን ሰውዬ አንቀዋለሁ አልኩት። ቀልዴን ነበር። ሱቁ ስሄድ ወልደሩፋኤል ብቻውን ነው። ስኳር የለም አለኝ። ቀበሌው ውስጥ የገባው ስኳር ሁሉ በዋጋሪ ወረቀት በመኪና ተጭኖ ወጥቷል፣ ወዴት እንደሄደ አይታወቅም አለኝ። ‘ዛሬ ውይይቱ ላይ ተነስቼ እናገራለሁ፣ የመጣው ይምጣ። አሁን ግን ሂጂ፣ እንዳያይሽ’ አለኝ።»

«ማን እንዳያይሽ?»

«ዋጋሪ። ከማዕዘኑ ላይ ተላለፍን። ምንሽሩን ይዞ ብቻውን ወደ ሱቁ ይሄድ ነበር። ፈራሁና እያለቀስኩ ሮጥኩ። ባቻ መንገድ ላይ አገኘኝ። ምን ሆንሽ ቢለኝ አልመለስኩለትም፣ እንዳይጣላልኝ ብዬ ነው። መኪናው ድረስ ሸኘኝ። ዘጠኝ ሰዓት ተነሳን። ከዚያ በኋላ የት እንደሄደ አላውቅም። ተመልሶ ሱቁ ሄዶ እንደሆነስ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

መናኸሪያው ከገብረመስቀል ሻይ ቤት ጎን ነው። ሱቁ ደግሞ የከተማው ሌላ ጫፍ ላይ ነው፣ በእግር ደርሶ መልስ ሰዓት አይበቃውም።

«የት እንደሄደ እኔ አውቃለሁ» አልኳት። «ፊቴ ተቀምጦ ነበር።»

ይህን የምናውቀው እኔና ገብረመስቀል ብቻ ነበርን። የአንድ ሰው ነፍስ በእኔ አፍ ላይ እንደተንጠለጠለች ዲጋ ላይ ነው የገባኝ።

*

«የተጠርጣሪው እህት ቃል!» አለ ሻምበል ዓምደሚካኤል። «ይኸው፣ ተመልከት። ዋጋሪ በስምንት ሰዓትም ተገኝቷል፣ በአሥራ አንድ ሰዓትም ተገኝቷል። ይኼ የሕዝብ መዝገብ ነው፣ ዋጋሪም ምስክሬ ነው ብሎ ልኮልኛል።»

የውይይት ክበቡ መዝገብ ስም ሁለት ጊዜ ይጠራበታል፣ ሲጀመርና ሲያበቃ፣ ሰው መሀል ላይ እንዳይሾልክ። ከመቶ በላይ ስም አለ። አንድ ጊዜ አነበብኩት። ደገምኩት። ሦስተኛው ላይ ሳላስበው ሳቄ መጣ።

«ምን ያስቅሃል?»

«ቅዳሜ ይህንን ይዤ ልሂድ።»

ሻምበሉ መዝገቡን ወደኔ ገፋ። «ዋቅወያ፣ ቅዳሜ ከሰዓት አንተስ የት ነበርክ ቢሉህ?»

ሲያውቅ ኖሯል። ምናልባት ከተማው ሁሉ ያውቅ ነበር።

«እነግራቸዋለሁ» አልኩት።

*

ቅዳሜ ስምንት ሰዓት። አዳራሹ ግጥም ብሏል፣ እንደዚያ ሞልቶ አይቼው አላውቅም። ባቻ እጁን የፊጥኝ ታስሮ መድረኩ ሥር ቆሟል። ስምንት የአብዮት ጥበቃ አባላት ግድግዳውን ይዘዋል። ዋጋሪ የእምነት ቃሉን ጮክ ብሎ አነበበና፣ «ጓዶች፣ እጃችሁን ለማውጣት ተዘጋጁ» አለ።

ተነሳሁ። «ከዚያ በፊት ያለፈው ቅዳሜ መዝገብ ይነበብ። የአሥራ አንድ ሰዓቱ።»

«ለምን?»

«አንተ ምስክሬ ነው ስላልከው። ምስክር ይሰማል።»

የቀበሌው ጸሐፊ ታፋ መዝገቡን ተቀብሎ ማንበብ ጀመረ። እየጠራ፣ «ተገኝቷል፣ ተገኝታለች» እያለ ወረደ። ገጹን ገለጠና ቆመ።

«ቀጥል» አልኩት።

«ወልደሩፋኤል...» አለ፣ ድምፁ ሊሰማ አልቻለም።

«ከፍ አድርገው።»

«ወልደሩፋኤል። አሥራ አንድ ሰዓት። ተገኝቷል።»

የሰው ፊት ሁሉ ወደ ዋጋሪ ዞረ።

«ጓድ ዋጋሪ» አልኩ፣ «ሁለት ወረቀት አለህ። አንዱ ወልደሩፋኤል ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተገደለ ይላል። አንዱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር ይላል። የመጀመሪያው እውነት ከሆነ መዝገቡ ውሸት ነው፣ አንተም እዚህ ለመኖርህ ምስክር የለህም። መዝገቡ እውነት ከሆነ ደግሞ ባቻ በዘጠኝ ሰዓት የገደለው ሰው የለም። አንዱን ምረጥ።»

«የጸሐፊ ስህተት ነው» አለ ዋጋሪ። ምንሽሩን ከትከሻው አወረደ። «እኔ እዚህ ነበርኩ። አልነበርክም የሚለኝ ካለ ይነሳ።»

ማንም አልተነሳም። ጠባቂዎቹ ጠመንጃቸውን አስተካከሉ። አንድ ሰው አስሎ ዋጠው። ፈራሁ፣ ለምን እዋሻለሁ። ግን ከፍርሃቴ ንዴቴ በለጠ። ይህ ሁሉ ሕዝብ እያወቀ አንድ ሰው ሊበላ ነው።

«እንግዲያው ከራሴ ልጀምር» አልኩ። «እኔ መቶ አለቃ ዋቅወያ በዚያች ቅዳሜ ከዘጠኝ ሰዓት ከሩብ እስከ አሥራ ሁለት ገብረመስቀል ሻይ ቤት ቁማር እጫወት ነበር። ከዚህ ሰው ጋር። ባቻ ፊቴ ነበር። ጻፉት፣ እፈርምበታለሁ።»

ዋጋሪ ሳቀ። «ሰማችሁ? ሕግ አስከባሪያችን!»

ያን ጊዜ ከኋላ ወንበር አዴ ዓባይነሽ ተነሱ። «እኔም አልነበርኩም» አሉ። «በቆሎ ስፈለፍል ነበር። ሁልጊዜም ቅዳሜ አልመጣም። ታፋ፣ ሰርዘኝ።»

ልብስ ሰፊው ተነሳ። «እኔም አልነበርኩም።» ጎረቤቱ ተነሳች። አንድ ሽማግሌ፣ ሁለት ወጣቶች፣ ሚስትና ባል። ወንበሩ ሁሉ መንቋቋት ጀመረ። በዚያ ዘመን ከውይይት መቅረት ምን እንደሚያስከትል የማያውቅ አንድም ሰው አልነበረም፣ እያወቁ ነው የተነሱት። ታፋ መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ ጣለው።

«ዓርብ ዓርብ ነው የምሞላው» አለ። «ሁሉንም ተገኝቷል እላለሁ። ቀሪ ከበዛ ተጠያቂው እኔ ነኝ። ቅዳሜ ማን እንደሚሞት ዓርብ በምን አውቃለሁ?»

«እኔ ግን ነበርኩ» አለ አንድ ድምፅ። ዘበኛው ሞረዳ ነው። «እውነቴን ነው፣ ያን ቀን ሃያ ሰው አንሞላም ነበር፣ ቆጥሬያለሁ። ጓድ ዋጋሪ ከመሀላችን አልነበሩም።»

በር ላይ የቆመችው ቀለሟ ሆዷን ይዛ ወደ ፊት መጣች። «እሱ ሱቁ ሲሄድ እኔ ነኝ ያየሁት» አለች። «ወልደሩፋኤል በሕይወት ነበር። ስኳሩ በማን ወረቀት እንደወጣ ዛሬ እናገራለሁ ብሎኝ ነበር።»

ባቻ ዞሮ አያት። እንዲያ ሲያይ አይቼው አላውቅም።

«ባቻ» አልኩት፣ «ለመጨረሻ ጊዜ ልጠይቅህ። ሰውየውን በምን መታኸው?»

አልጮኸም፣ አልቀለደም።

«ላኪ» አለ በቀስታ፣ እምቢ ሲል እንደሚለው። «በምን እንደሞተ አላውቅም። አልነበርኩም።»

«እንግዲህ እሑድ ጠዋት ሁለት ኪሎውን ያውቅ የነበረው ወረቀቱን የጻፈው ሰው ብቻ ነው» አልኩ። «እኔ ሣጥኑን ከፍቼ ሁለት ኪሎው እንደጎደለ ያየሁት ሰኞ ነው።»

ዋጋሪ ምንሽሩን ሲያነሳ ከአጠገቡ የቆመው የራሱ ጓድ አፈሙዙን ያዘ። ብዙ አልታገሉም። ሕዝቡ ቆሟል፣ ማንም አልተቀመጠም። ሁለት ኪሎውን በማግስቱ ከዋጋሪ ጓሮ ሽንት ቤት ጉድጓድ አወጣነው፣ በስኳር ማዳበሪያ ተጠቅልሎ።

*

ኮከቦቼን በሳምንቱ ገፈፉኝ። ደብዳቤው «በቁማር ራሱን አዋርዷል» ይላል። አንብቤ ፈረምኩ። ሻምበሉ ዓይኔን ማየት አቅቶት ጫማውን ያይ ነበር፣ እኔ ግን የሚያሳፍረኝ አልነበረም።

በቀጣዩ ቅዳሜ ከገብረመስቀል ጓዳ ተቀመጥን። ገብረመስቀል ካርታ አደለ። ባቻ አላነሳም። በቆሎውን እፍኝ ሙሉ ገፋና፣ «ኦቦሌሳ፣ ወንድሜ» አለኝ፣ «ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ብድግ ስትል፣ ሰው እንደሚነሳ ከማን ጋር ተነጋግረህ ነበር?»

«ከማንም ጋር።»

«አዴ ዓባይነሽንስ?»

«አላናገርኳቸውም።»

«እነሱ ባይነሱስ? እጅህ ላይ ምን ነበረ ታዲያ?»

ፊቴ ላይ የተደፉትን አምስት ካርታዎች ተመለከትኳቸው።

«አላነሳሁትም ነበር» አልኩት፣ በቆሎዬንም ገፋሁ።